የሜዶው ብሩክ ጅረት ክስ፦ ድንጋይ ከሰል፣ ውኃና ፍርድ በፔንሲልቬንያ

የድንጋይ ከሰል ማዕድን በወንዞች ውኃ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአብዛኛው ለኬሚስቶች የተተወ ጥናት ይመስላል። እኛ ግን ነገሩን ከፍርድ ቤት መዝገብ ልንጀምረው መርጠናል፤ የፔንሲልቬንያ ወንዞች ሲበላሹ ሕጉ ተባባሪ ነበርና። (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሳንደርሰን የተባሉ ባልና ሚስት በ1868 በስክራንተን ከተማ፣ ሜዶው ብሩክ በሚባል ጅረት ዳር መሬት ገዙ። ቦታውን ያስመረጣቸው የውኃው ጥራት ነበር። ቤት ሠሩ፤ ለዓሣና ለበረዶ የሚሆን ኩሬ ገደቡ፤ ውኃውንም በቧንቧ ወደ ቤታቸው አስገቡ። ከእነርሱ በላይ በኩል ግን የፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ ማዕድን ከፍቶ፣ ከጉድጓዱ የሚመነጨውን ውኃ በፓምፕ እየሳበ ወደ ጅረቱ ይለቀው ጀመር። ዓሣው አለቀ፤ ቧንቧው ተበላ፤ ቤተሰቡም በ1875 ገደማ በጅረቱ መጠቀሙን ተወ።

ምክንያቱ ዛሬ በሚገባ ይታወቃል። በከሰሉና በዙሪያው ባለው ዐለት ውስጥ የብረትና የድኝ ውሁድ የሆነው ፓይራይት አለ። ከምድር በታች ተዳፍኖ ሳለ ማንንም አይጎዳም፤ ቁፋሮው አየርና ውኃ ሲያደርስበት ግን ሰልፈሪክ አሲድና የሟሟ ብረት ይወጣዋል። ብረቱም ከንጹሕ ውኃ ጋር ሲገናኝ ዝገት መሳይ ዝቃጭ ሆኖ የወንዙን ወለል ይለብጠዋል። ይህን ሂደት የሚያፋጥን ባክቴሪያ መኖሩን ኮልመርና ሂንክል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1947 አስታውቀዋል።

የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጀመሪያ ለሳንደርሰኖች አድልቶ ነበር፤ በ1886 ግን የራሱን አቋም ሻረ። የዳኞቹ አስተሳሰብ ሊመረመር ይገባዋል። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በ1868፣ በራይላንድስና በፍሌቸር ክስ፣ በመሬቱ ላይ ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ ነገር ያከማቸ ሰው፣ ነገሩ አምልጦ ጎረቤቱን ቢጎዳ ተጠያቂ ነው ብሎ ፈርዶ ነበር። የፔንሲልቬንያ ዳኞች ግን «ኩባንያው ከውጭ ያመጣው ነገር የለም» በሚል ሐሳብ ተነሡ። ውኃው የመሬቱ የራሱ ነው፤ ከሰል መቆፈር የመሬቱ ተፈጥሯዊ ጥቅም ነው፤ ቁልቁል የወረደውም በራሱ ክብደት ነው አሉ። ፓምፑ ተረሳ ማለት ነው! ከዚያም የጥቂቶች መቸገር ለብዙኃን ጥቅም ሊሸነፍ ይገባል ሲሉ ደመደሙ። ከማዕድኑ በታች ባለው ጅረት ዳር የሚኖረው ሕዝብ ከብዙኃኑ አልተቆጠረም።

በ1924 ግን የፔንሲልቬንያ የባቡር ኩባንያ ስለ ኢንዲያን ክሪክ ውኃ ከሳሽ ሆኖ ሲቀርብ፣ ያው ፍርድ ቤት ውኃው ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ነውና የማዕድን ፍሳሽ እንዳይገባበት ወሰነ። አንድ ቤተሰብ ጮኾ ያላገኘውን የባቡር ቦይለር አገኘው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በ1937 የወጣው የንጹሕ ወንዞች ሕግ እንኳ የከሰል ማዕድንን ፍሳሽ፣ ማጣሪያው እስኪታወቅ ድረስ፣ ከቁጥጥሩ ውጭ አድርጎት ነበር። ይህ ነጻነት ያበቃው በ1965 በተደረገው ማሻሻያ ነው።

እስከዚያ ድረስ በስክራንተን አካባቢ ብዙዎቹ ማዕድኖች ተዘግተው ውኃ ሞልቷቸው ነበር። ውኃው ከየቤቱ ምድር ቤት እንዳይገባ በ1962 ኦልድ ፎርጅ በተባለው ስፍራ ማስተንፈሻ ጉድጓድ ተቆፈረ። ሜዶው ብሩክ ወደሚገባበት ወደ ላካዋና ወንዝ በየቀኑ በዐሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ጋሎን ዛሬም ከዚያ ይፈስሳል፤ ወንዙም ከዚያ ጀምሮ ከሳስኬሃና እስኪቀላቀል ድረስ ብርቱካንማ ሆኖ ይወርዳል። ውኃውን የሚያወጡት ጉድጓዶች ከሰል መስጠት ካቆሙ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።