የተነፈገ ካሣ፤ ከአንኮበር ደጅ ጥናት እስከ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርን ዋና ከተማቸው አድርገው ሸዋን በሚገዙበት ዘመን (ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ.) በጌታው ሥራ ላይ ሳለ እጁን ወይም እግሩን ያጣ ሰው የነበረው መንገድ ደጅ መጥናት ነበር። ከቀናው ቀለብ ይቆረጥለታል፤ ካልቀናውም የሚሟገትበት አንቀጽ አልነበረውም። የደም ካሣ በአገሩ የታወቀ ሥርዓት ቢሆንም የሚጠየቀው ያቆሰለ ሰው ሲገኝ ነው። ከግንብ የወደቀ ግንበኛ፣ ግንድ የተጫነው እንጨት ቆራጭ ማንን ይክሰስ? ዛሬ የምንሠራበት «ጡረታ» የተባለው ቃል እንኳ «ጦረ» ከሚለው ግሥ የወጣና ልጅ ለወላጁ የሚያደርገውን የሚያስታውስ ነው። ደግ ቃል ነው፤ ነገር ግን ጧሪው ሲያጠፋ ወደየት እንደሚኬድ አይናገርም።

ጀርመን በ1884 እ.ኤ.አ. የሠራተኞችን የአደጋ ኢንሹራንስ በሕግ ደነገገች፤ እንግሊዝም በ1897 እ.ኤ.አ. አሠሪውን በካሣ ኃላፊ የሚያደርግ ሕግ አወጣች። ወደ እኛ አገር ግን በመጀመሪያ የደረሰው ማሽኑና ባሩዱ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ የምናልፍበት የጣርማበር ዋሻ በጣልያን ወረራ ዘመን የተቆፈረ፣ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሥራ ነው። እኛ መሐንዲሶች ስለ አቆፋፈሩ እናወራለን፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ የሙሶሊኒ ዋሻ ይለዋል። ድንጋዩን የፈለጡት ሰዎች ስም በዚህ ወሬ ውስጥ አይነሣም።

ሕጉ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ስለ ሥራ ውል በሚናገረው ክፍሉ፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ አደጋና ከሥራ ለሚመጣ በሽታ አሠሪውን ኃላፊ አደረገ። በ1953 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ድንጋጌ ተከተለ። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ በ1957 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ባና በእጅ ከሚሠራበት ከመንዝና ከአካባቢው የመጣ ሠራተኛ ከሱፍ ማበጠሪያ ማሽን ፊት ሲቆም፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ መብት ነበረው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የ1968ቱ፣ የ1985ቱ፣ የ1996ቱና አሁን የምንሠራበት የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (ቁጥር 1156) በየተራ ወጥተዋል፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኞች በጡረታ ዐቅድ ታቀፉ።

እንግዲህ መብቱ ካለ ካሣው ስለ ምን ይከለከላል? በሥራ ላይ ባሉት ድንጋጌዎች አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ከኃላፊነት የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ፣ ለምሳሌም በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ሲጥስ ወይም ሰክሮ ሥራ ሲገባ ነው። በተግባር ግን ክርክሩ በአብዛኛው ወደ አንድ ነገር ያዘነብላል፤ ይኸውም «መመሪያ ተሰጥቶታል» የሚለው ነው። በቃል የተነገረን፣ በግድግዳ ላይ ደብዝዞ የተለጠፈን፣ ሠራተኛውም በማይረዳው አማርኛ የተጻፈን ማስታወቂያ በግልጽ እንደተሰጠ መመሪያ መቁጠር በእኔ አስተያየት ሕጉን ማጣመም ነው።

ሁለተኛው ማነቆ የመቶኛው ነገር ነው። የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። በጡረታ ዐቅድ ላልታቀፈ ሠራተኛ ለዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የሚከፈለው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ሲሆን፣ ለከፊል ጉዳት ደግሞ በመጠኑ ልክ ይሰላል። ሒሳቡን የሠራ ሰው እንደሚያየው፣ እያንዳንዱ አንድ በመቶ የ18 ቀን ያህል ደመወዝ ነው። ስለዚህ ቦርዱ 10 ወይም 20 በመቶ ብሎ በሚጽፈው መካከል ያለው ልዩነት የግማሽ ዓመት እንጀራ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቀስ ብሎ የሚመጣው ጉዳት ነው። የተቆረጠ ጣት ለሁሉም ይታያል፤ በሽመና ማሽን ጩኸት ለብዙ ዓመታት የደነቆረ ጆሮ፣ በሱፍ ብናኝ የታፈነ ሳንባ ግን ቀንና ሰዓት የለውም። «እርጅና ነው»፣ «የደብረ ብርሃን ብርድ ነው» ይባላል። ሕጉ ለዚህም መልስ አዘጋጅቷል፤ በሠንጠረዥ የተመዘገበ በሽታ በተመሳሳይ ሥራ የተሰማራን ሠራተኛ ሲይዘው፣ በሽታው ከሥራ የመጣ መሆኑን ይኸው ራሱ በቂ ማስረጃ ይሆናል። ሸክሙ ወደ አሠሪው ዞረ ማለት ነው፤ ብዙ ተከልካዮች ይህን ሳያውቁ ፋይላቸውን ዘግተው ወደ አገራቸው ይገባሉ።

እዚህ ላይ የእኛ ሙያ ድርሻ ይመጣል። አዋጁ አሠሪው በሥራ ላይ የሚደርስን ጉዳት እንዲመዘግብና ለሥራ ተቆጣጣሪ እንዲያስታውቅ ያዛል። በግንባታ ቦታ ይህን መዝገብ የሚይዘው ወይም ሳይዝ የሚቀረው የእኛ ባልደረባ ነው። በዕለቱ ማስታወሻ ላይ «ሥራ ለሁለት ሰዓት ቆመ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈና ሥራው የቆመበት ምክንያት ካልሠፈረ፣ ከዓመት በኋላ ቦርድ ፊት የሚቆመው ሰው ከማሽኑ ጋር መገናኘቱን የሚያሳይበት ወረቀት አይኖረውም።

አሠሪው ኢንሹራንስ ገብቶ ሳለ ኩባንያው «አልከፍልም» ሲልም ብዙ ጊዜ ሠራተኛው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የኢንሹራንሱ ውል ግን በአሠሪውና በኩባንያው መካከል የተደረገ ነው፤ የኩባንያው ደብዳቤ ብቻውን ጉዳተኛው በሕግ ያለውን መብት አይሽረውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል በ2013 ዓ.ም. ከተተኩት መጻሕፍት ውስጥ ስላልነበረ ዛሬም ይሠራበታል፤ በእርሱም መሠረት ከኢንሹራንስ ውል የሚመነጭ ክስ ከሁለት ዓመት በኋላ በይርጋ ይታገዳል። ከሥራ ግንኙነት የሚመነጨው ክስ ደግሞ፣ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነለት በቀር፣ የሚታገደው በአንድ ዓመት ነው። ለአሠሪው የተሰጠው ጊዜ ለሠራተኛው ከተሰጠው በእጥፍ ይበልጣል።