ባቡሮቹን ያቆየ፥ ሠራተኞቹን የረሳ ፎቶግራፍ

ሰው በጽሕፈት ያነበበውን ነገር ይጠራጠራል፤ በፎቶግራፍ ያየውን ግን «ዓይኔ አይቶታል» ብሎ ያምናል። ነገር ግን ፎቶግራፍም እንደ ታሪክ ጸሐፊ የሚናገረውና ዝም ብሎ የሚያልፈው አለው። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በአሜሪካ አገር ሁለት የእንፋሎት ባቡሮች ተገናኝተው የተነሡት ዝነኛ ሥዕል ነው።

በፈረንጆች አቈጣጠር ሜይ 10 ቀን 1869 ዓ.ም. ከምሥራቅና ከምዕራብ የመጡ ሁለት ሐዲዶች በዩታ ምድር ፕሮሞንተሪ በሚባል ከፍተኛ ስፍራ ተጋጠሙ። ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው ኩባንያ ከኦማሃ ተነሥቶ 1,086 ማይል፥ ሴንትራል ፓሲፊክ የተባለው ደግሞ ከሳክራሜንቶ ተነሥቶ 690 ማይል ሠርቶ ነበር። ከምዕራብ የመጣው ባቡር ስሙ ጁፒተር ነው፤ እንጨት የሚያነድ ስለ ነበረ የጢስ ማውጫው እንደ ጋን የሰፋ ነው። ከምሥራቅ የመጣው 119 በሚባል ቍጥር ይጠራ ነበር፤ የድንጋይ ከሰል የሚያነድ ስለ ሆነ የጢስ ማውጫው ቀጥ ያለና ቀጭን ነው። ጁፒተር ለዚህ ክብር የበቃው በአጋጣሚ ነው፤ የኩባንያውን ታላላቅ ሰዎች ይስብ የነበረውን ሌላ ባቡር በመንገድ ላይ ከተራራ የተንከባለለ ግንድ መትቶ ቢያበላሸው፥ እርሱ ተተክቶ መጣ።

በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል ሥራ አልነበረም። አንሺው መስተዋቱን ኮሎዲዮን በሚባል ፈሳሽ ቀብቶ፥ ብርሃን በማይገባበት ስፍራ የብር ጨው በሟሟበት ውኃ ይነክረዋል፤ ከዚያም መስተዋቱ ሳይደርቅ ሥዕሉን ማንሣትና ወዲያው ማጠብ ይገባዋል። ከደረቀ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በሥዕሉ ጊዜ የተነቃነቀ ነገርም እንደ ጉም ደብዝዞ ይቀራል። በዚያ ቀን ሦስት ፎቶግራፍ አንሺዎች በስፍራው ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ አንድሩ ራስል ሁለቱን ባቡሮች ፊት ለፊት ቆመው፥ ሁለቱን ዋና መሐንዲሶች ሳሙኤል ሞንታግንና ግሬንቪል ዶጅን እጅ ለእጅ ተጨባብጠው፥ በባቡሮቹ ግንባር ላይ የወጡትንም ሰዎች የመጠጥ ጠርሙስ ወዲያና ወዲህ ዘርግተው አነሣቸው።

ባቡሮቹ ራሳቸው ግን ከዚያ በኋላ የሚያከብራቸው አላገኙም። ዘመናቸው ባለፈ ጊዜ 119 በ1903 ዓ.ም.፥ ጁፒተርም በ1909 ዓ.ም. ተቈራርጠው ለብረታቸው ዋጋ ተሸጡ። ከብዙ ዘመን በኋላ መንግሥት አምሳያቸውን ለማሠራት ባሰበ ጊዜ የቀድሞው ንድፋቸው አልተገኘም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የ1869ን ፎቶግራፎች አጕልተው፥ መንኰራኵሩንና ቧንቧውን ከሥዕሉ ላይ እየለኩ አዲስ ንድፍ አወጡ፤ አምሳያዎቹም በ1979 ዓ.ም. ተፈጽመው በፕሮሞንተሪ ሐዲድ ላይ ቆሙ። እንግዲህ ቀጭን መስተዋት ከጽኑ ብረት ይልቅ ዕድሜው ረዘመ። ሆኖም ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ስለ ነበረ ስለ ባቡሮቹ ቀለም ሊመሰክር አልቻለም።

ከቀለሙ የሚበልጥ ነገርም ጐድሎታል። ሴንትራል ፓሲፊክ ከ1865 ዓ.ም. ወዲህ ቻይናውያንን በብዛት ቀጥሮ ነበር፤ ሥራው በበረታ ጊዜ ቍጥራቸው ከ10,000 በላይ ደርሶ፥ ከሠራተኞቹ እጅግ የሚበዙት እነርሱ ሆኑ። በሲየራ ኔቫዳ ተራራ ጫፍ 1,659 ጫማ ርዝመት ያለውን ዋሻ በመዶሻና በባሩድ የፈለፈሉት እነርሱ ናቸው። በ1867 ዓ.ም. ደመወዛቸው ከነጮቹ ጋር እንዲተካከል ብለው ሥራ ቢያቆሙ፥ ኩባንያው ስንቃቸውን ከልክሎ መለሳቸው። በፕሮሞንተሪም በመጨረሻው ቀን በምዕራብ በኩል ሐዲዱን ተሸክመው ያኖሩት ቻይናውያን ነበሩ። በዝነኛው ሥዕል ውስጥ ግን ከሕዝቡ መካከል የእነርሱን ፊት ለይቶ የሚያገኝ የለም። በ1882 ዓ.ም. ደግሞ የቻይና ሠራተኞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ በሕግ ተከለከለ።

ነገር ግን በራስል ላይ ብቻ አንፍረድ። በዚያው ቀን የመጨረሻው ሐዲድ ሲኖር ቻይናውያኑ የሚታዩበትን ሌላ ሥዕል አንሥቶ ነበርና። በየመጽሐፉ ሊያትመው ዓለም የመረጠው ግን መጨባበጡንና ጠርሙሱን ነው። እንግዲህ ጕድለቱ ከአንሺው ይልቅ የመራጩ ነው።

ኮርኪ ሊ የተባለ በኒው ዮርክ የተወለደ የቻይናውያን ልጅ ይህን ሥዕል በተማሪነቱ አይቶ ወገኖቹን ፈልጎ አጣቸው። ካደገም በኋላ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. 145ኛው ዓመት ሲከበር ከሠራተኞቹ የተወለዱትንና ሌሎችንም ትውልደ ቻይና ሰብስቦ በዚያው በፕሮሞንተሪ በአምሳያዎቹ ባቡሮች ፊት አቆማቸውና አነሣቸው። እርሱም በ2021 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ሥዕሉ ግን ከቀድሞው አጠገብ ቆሞ የጐደለውን ይናገራል።

አንባቢ ሆይ፤ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ የድልድይ፥ የትምህርት ቤት፥ የሕንፃ ምረቃ ፎቶግራፍ አይታጣም። በፊት የቆሙት ታላላቅ ሰዎች ስማቸው በሌላም ስፍራ ይገኛል። ድንጋይ ያነሡት፥ ጭቃ ያቦኩት ግን የሚያውቃቸው ሰው በሕይወት ሳለ ስማቸው በሥዕሉ ጀርባ ይጻፍ። ባቡርን ከሥዕል ለክቶ እንደ ገና መሥራት ይቻላል፤ የተረሳን ሰው ስም ግን ከየትኛው ሥዕል ለክተን እናወጣለን?