ሞክሼ

ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ስም ሲጠራ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? «ኃይሉ!» ሲባል ሁለት ሰው «አቤት!» ይላል። ሞክሼዎች ናቸው፤ በአባትና በአያት ስም ይለያሉ።

ይህ ቀልድ የሚመስል ነገር አንድ ዘመን ላይ የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ከደርግ መዛግብት ብዙ ሺህ ገጽ ሰነድ ሰብስቧል፤ የከሰሳቸውም 5,198 ሰዎች ነበሩ። «እርምጃ ይወሰድ» በሚል ወረቀት ላይ ያለውን ስም እናት ከምትፈልገው ልጅ ስም ጋር ማገናኘት ግድ ነበር።

እስቲ ሁለቱን ዝርዝሮች በዳታቤዝ አስቡ። ኳሪው የገጠሙትን ረድፎች ብቻ ቢያመጣ፣ አንዱ ጋ «ኃይሉ» ሌላው ጋ «ሀይሉ» የተባለው ልጅ ድምፁ ሳይሰማ ይቀራል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲያካትት ለሀ፣ ለሐ እና ለኀ የየራሳቸውን ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ ለማሽኑ ሞክሼ ፊደል የሚባል ነገር የለም። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባለው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ራሱ «መንግስቱ ሀይለማርያም» ተብሎ ሲጻፍ ለኮምፒውተሩ ሌላ ሰው ነው!

ስለዚህ ሁሉንም ረድፍ አምጡና ጎኑ ላይ «ገጥሟል» ወይም «አልገጠመም» የሚል ዓምድ ጨምሩ። ለማመሳከሪያ ሞክሼ ፊደላትን አንድ የሚያደርግ ሌላ ዓምድ ይኑር፤ የመዝገቡ አጻጻፍ ግን አይነካ። «ገጥሟል» የሚለውንም ሰው አያት ጠይቆ ያጣራው። ሁለት ኃይሉ «አቤት» ማለታቸውን አትርሱ።