ሰማንያ የሌላት ሴት

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አንዲት እትዬ ነበሩ። ከአንድ ሹፌር ጋር አሥራ አራት ዓመት ኖረዋል፤ ሦስት ልጅ ወልደዋል፤ ቤቱ ሲሠራም ጭቃ ያቀበሉት እሳቸው ናቸው። ሰማንያ ግን የላቸውም። ሰውየው ሌላ ሲያገባ አንድ ሻንጣ ይዘው ወጡ። ሽማግሌዎቹም "ምን ይደረግ፣ ቤቱ የሱ ነው" ብለው ተነሱ።

ሽማግሌዎቹ ሕግ አልሳቱም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ጋብቻ አብሮ መኖርን ቢያውቅም፣ የጋራ ሀብት አይፈጥርም ይል ነበር። ልብ በሉ፤ ሠራተኛ ብትሆን የወር ደመወዝ ትጠይቃለች። "ሚስት" ተብላ ልጅ ያሳደገችው ግን ምንም!

ነገሩ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ እንደ ባልና ሚስት ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ዘመን ያፈሩት ሀብት፣ በውል ሌላ ካልተስማሙ፣ የጋራቸው ነው አለ። ብሩን ማን አመጣ፣ ወጡን ማን ሠራ ብሎ አይለይም።

ታዲያ ችግሩ አለቀ? አላለቀም። ሰማንያ ስለሌለ አብሮ መኖሩን ማስረዳት ያስፈልጋል። የሚያስረዳው ደግሞ ዘመድና ጎረቤት ነው፤ ያኔ ዝም ያለው ጎረቤት!

ዛሬ የእድር ጸሐፊ ነኝ። በቅርቡ አንዲት ሴት "ጋሼ፣ ሚስቱ ተብዬ የተመዘገብኩበትን ገጽ ኮፒ ይስጡኝ" አለችኝ። ወዲያው ሰጠኋት። እትዬ ትዝ አሉኝ።