ካሉብ፦ ገዢ አጥቶ የኖረው ጋዝ

በሶማሌ ክልል ሽላቦ አካባቢ ያለው የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ ነው። ያገኘው ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ከእሱ በፊት፣ ጣሊያን ከአገር በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከጃንሆይ መንግሥት ጋር የተዋዋለው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ሲንክሌር ኦጋዴንን ሲያስስ ከርሞ ለገበያ የሚበቃ ነገር ሳያገኝ ሄዷል። ሁለቱንም ያመጣቸው የድፍድፍ ዘይት ተስፋ ነው። ዘይት በቦቴ ተጭኖ የትም ይደርሳል፤ ጋዝ ግን ቧንቧ ይፈልጋል፣ ከቧንቧው ጫፍ ደግሞ የሚከፍል ደንበኛ። ካሉብ ሁለቱንም አላገኘም።

የሶማሊያ ጦርነት መጣ፤ ቴኔኮም የለም። በደርግ ዘመን የሶቪየት ባለሙያዎች ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ፣ የካሉብና በዚያው በኦጋዴን ያለው የሂላላ ጋዝ ክምችት ብዙ መሆኑን አረጋገጡ፣ ጉድጓዶቹ ግን እንደታሸጉ ቀሩ።

ከዚህ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝ በ1980ዎቹ አጋማሽ በዓለም ባንክ ብድር የታሰበው ፕሮጀክት ነው። ሐሳቡ ጋዙን ወደ ውጭ መላክ አልነበረም። ከጋዙ ጋር የሚወጣውን ፈሳሽ ለይቶ በሲሊንደር የሚሞላ የማብሰያ ጋዝና ሌላ ነዳጅ ለአገር ውስጥ ማቅረብ ነበር። በማገዶ ጭስ ዓይኗ ለሚለበለብ እናት ከዚህ የቀረበ ዕቅድ አላውቅም። አልተሳካም።

ከዚያ በኋላ ዓይን ሁሉ ወደ ባሕር ዞረ። የማሌዥያው ፔትሮናስ ገብቶ ወጣ። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. በዚያው ክልል አቦሌ በሚገኝ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ በደረሰ ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገደሉ፤ ይህን ታሪክ ስንጽፍ እነሱን መዝለል አይገባም። በ2006 ዓ.ም. ፖሊ ጂሲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ ተዋዋለ። ጋዙ 767 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ቧንቧ ጅቡቲ ይደርሳል፣ እዚያ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል፣ መጠኑ ወደ 600ኛው እጅ ስለሚያንስ በመርከብ ይጫናል ተባለ። ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ገንዘብ አልተገኘም። በ2015 ዓ.ም. መንግሥት ውሉን ሰረዘ።

ገበያው ግን በዚህ መሐል ተለውጦ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የአውሮፓ የጋዝ ዋጋ ናረ። ዩሪያ የሚሠራው ከጋዝ ስለሆነ የማዳበሪያም ዋጋ ተከትሎት ወጣ፤ የጎጃምና የአርሲ ገበሬ ይህን በኪሱ አውቆታል። ከዚያ ወዲህ ካሉብ የውጭ ምንዛሪ ማምጫ ብቻ ሳይሆን የማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ ሆኖ ይበልጥ መታየት ጀመረ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ስምምነት ተፈረመ፤ ወጪው በወቅቱ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ የሚያመርተው የካሉብ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ።

ይህ ትክክለኛው አቅጣጫ ነው እላለሁ። በእጅ ያለን ጋዝ ለራስ ማሳና ለራስ ማድቤት ማዋል ከሩቅ ገዢ ዋጋ መውጣትና መውረድ ጋር ከመንከራተት ይሻላል። የሽላቦ አርብቶ አደር ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ በግመሎቹ መካከል ኩባንያዎች ሲመጡና ሲሄዱ አይቷል። ማዕድን ሚኒስቴርና የክልሉ መንግሥት የውሎቹን ይዘትና የአካባቢውን ሕዝብ ድርሻ ለሁላችንም በግልጽ ያሳውቁን።