ረጅም የቴክኖሎጂ አገልግሎት ላላቸው ባለሙያዎች አጭር ሲቪ ስለማዘጋጀት

ሲቪ ሥራ ፈላጊው ትምህርቱንና የሥራ ልምዱን ለቀጣሪ የሚያስታውቅበት አጭር መግለጫ ነው። በቴሌኮሙኒኬሽን፣ በኮምፒዩተር ጥገና ወይም በኔትወርክ ዝርጋታ 20 እና 30 ዓመት ያገለገለ ባለሙያ የሚቸገረው የሚጽፈውን በማጣት ሳይሆን የሚተወውን በመምረጥ ነው። ጽሑፉ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል።

ለአብነት፣ በጎንደር ዙሪያ ወረዳ የማክሰኝት ከተማ ነዋሪ የሆነ፣ በጥር 1984 ዓ.ም. በቴክኒሻንነት የተቀጠረ የቴሌ ባለሙያ ይታሰብ። በእጁ ያሉት ማስረጃዎች ሦስት የመሥሪያ ቤት ስሞችን ይይዛሉ፤ እስከ 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን፣ ከኅዳር 2003 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮም። ሦስቱን እንደ ተለያዩ ቀጣሪዎች መዘርዘር ገጹን ያስረዝማል፤ ባለሙያውንም ሥራ ሲለዋውጥ የኖረ ያስመስለዋል። የአሁኑን ስም አስቀድሞ፣ የቀድሞዎቹን በቅንፍ አስከትሎ አገልግሎቱን በአንድ ርዕስ ሥር ማስፈር ይገባል።

የዘመን አቆጣጠር ብዙ ሲቪዎች የሚበላሹበት ቦታ ነው። ይኸው ባለሙያ በኮርፖሬሽኑ ዘመን ያበቃውን አገልግሎቱን «ከ1984 እስከ 2010» ብሎ ቢጽፍ፣ የመጀመሪያው በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛው በአውሮፓ አቆጣጠር በመሆኑ 19 ዓመት ገደማ የሆነው አገልግሎት 26 ዓመት ይመስላል። ቀጣሪው ከማስረጃው ጋር ሲያመሳክር ስሕተቱን እንደ ማጭበርበር ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ አንድ አቆጣጠር መርጦ እስከ መጨረሻው መጠቀም፣ ከዓመቱም አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብሎ ማመልከት ያስፈልጋል።

የመጨረሻዎቹ 10 ዓመታት በዝርዝር፣ የቀደሙት በአንድ ወይም በሁለት መስመር ይጻፉ። «በጥገና ሥራ ተሳትፏል» የሚል ዐረፍተ ነገር ለቀጣሪ የሚነግረው ነገር የለም። «ከማክሰኝት እስከ አዲስ ዘመን ባለው መስመር የፋይበር ብልሽት የሚጠግን የ4 ሰው ቡድን መርቷል» የሚለው ግን ቦታውን፣ ሥራውንና ኃላፊነቱን ያሳያል። የቆየ መሣሪያ ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ማዞሪያ በተደረገው ሽግግር መሥራት አዲስ ነገር የመልመድ ችሎታን ስለሚያስረዳ አንድ መስመር ይገባዋል። የባትሪ፣ የጄኔሬተርና የምድር ሽቦ ሥራም በማማ ጣቢያዎች ዛሬም ተፈላጊ ነው፤ በተለይ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. በይፋ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የእንዲህ ያለው ልምድ ፈላጊ አንድ ድርጅት ብቻ አይደለም።

ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የጋብቻ ሁኔታና የፋይዳ ቁጥር በሲቪ ላይ አይሰፍሩም። የአጫጭር ሥልጠናዎች ዝርዝርም ከሚፈለገው ሥራ ጋር የሚገናኙት ብቻ ይበቁታል።

በሲቪው የሰፈረው ሁሉ በማስረጃ የሚደገፍ መሆን አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 መሠረት አሠሪው የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሙያውን በሥራ ላይ ተምሮ ዲፕሎማ የሌለው ሰው የሙያ ብቃት ምዘና ወስዶ የምስክር ወረቀቱን ማያያዝ ይችላል። የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ስም የተለወጠበት አመልካች፣ የቆየውን ማስረጃ ከማቅረቡ በፊት አገልግሎቱን በሙሉ በአንድ ላይ የሚገልጽ አዲስ ደብዳቤ ከአሁኑ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ቢጠይቅ ማመሳከሩ ይቀልለታል።