የጋይንት ጀርባና ያልመጣው ባቡር

የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2003 ዓ.ም. ከተጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ጋር ይፋ ባደረገው የአገር አቀፍ መረብ ላይ አንዱ መስመር ከፍኖተ ሰላም ይነሣል። በባሕር ዳርና በወረታ አድርጎ ወደ ወልድያ ይሻገራል፤ ከዚያ በሰመራ በኩል ወደ ጅቡቲ ወሰን ይወርዳል። ከወረታም ሌላ ቅጥያ በአዘዞ ወደ መተማ ይሄዳል። በወረታና በወልድያ መካከል ያለው ክፍል የት የት ያልፋል ብሎ ለሚጠይቅ፣ መሬቱ ራሱ መልሱን አስቀድሞ ሰጥቶታል፤ በጋይንት ነው።

ከጉና ተራራ ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋው የላይ ጋይንት ደጋ የውኃ መክፈያ ነው። ከጀርባው በስተሰሜን የዘነበው ወደ ተከዜ ይወርዳል፣ በስተደቡብ የዘነበው በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል። በዚህ ጀርባ ላይ የሚሄድ መንገድ ትልልቆቹን ወንዞች ሳይሻገር ከነፋስ መውጫ ጨጨሆ፣ ከጨጨሆም የመቄትና የዋድላ አምባ ይደርሳል። ወደ ደቡብ ጥቂት ያፈነገጠ ግን የስማዳና የእስቴ ገደል ይጠብቀዋል።

ይህን የተረዱት የባቡር መሐንዲሶች ብቻ አይደሉም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ጭነታቸው በበቅሎ የሚቻል አልነበረም። በጋፋት አውሮፓውያን ባለ እጆች ያቀለጡላቸው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ብቻውን 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። የሚሄደው በሠረገላ ነው፤ በአገሩ ደግሞ የሠረገላ መንገድ አልነበረም። እግረኛና በቅሎ ዳገቱን ቀጥ ብለው ይወጡታል። ሠረገላ ግን እየተጠማዘዘ፣ ቁልቁለቱን እየቀነሰ፣ ስፋቱን ሳይለቅ የሚሄድ ጥርጊያ ይፈልጋል። ስለዚህ ንጉሡ መንገዱን እየሠሩ ተጓዙ። ወታደሩ ዓለቱን ይፈነቅላል፣ ጉድጓዱን ይሞላል፤ እሳቸውም ከፊት ሆነው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። መድፉን በጠፍር የሚስቡት ሰዎች በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር።

የጋይንትን ሜዳ ጨርሰው ጨጨሆ ሥር ሲደርሱ ወደ ዋድላ የሚያወጣው አቀበት ተደቀነ። እሱንም ጠርገው ወጡ። ከቤተ ሖር በኋላ ደግሞ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ወደ ታች የሚወርደው የጅጣ ገደል ነበር፤ ከዚያ የደላንታ አቀበት፣ ከዚያ በሽሎ። መድፉ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ግድም መሆኑ ነው። የዚህን ሥራ ጥራት የመሰከሩት ወዳጆች ሳይሆኑ ጠላቶች ናቸው። ከባሕር የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ቤተ ሖር ላይ ከንጉሡ መንገድ ጋር ሲገናኝ መኮንኖቹ አደነቁት፤ መድፍ የተሸከሙ ዝሆኖቻቸውን ሳይቀር በዚያው ነዷቸው። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሞቱ። ዘመነኞቻቸው በጦር መሪነታቸው ቢያወድሷቸውም፣ በመንገድ ቀያሽነታቸው የሚስተካከላቸው በዚያ ዘመን ነበረ ለማለት ያስቸግራል። ሒሳቡን የከፈለው ግን ገበሬው ነው፤ በጌምድር በሸፈተበት በዚያ ዓመት ሠራዊቱ የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነበር።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ያው ጀርባ እንደገና ተመረጠ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ቤጂንግን ከጎበኙ በኋላ በተገኘ የቻይና ብድር፣ ከወልድያ ወረታ የሚደርስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የጠጠር መንገድ ተሠራ፤ የተጠናቀቀውም በደርግ ዘመን ነው። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ጋሸና፣ ፍላቂት፣ ጨጨሆ፣ ነፋስ መውጫ፣ ደብረ ታቦር እንደ ዶቃ ተሰክተውበታል። እህል የመጣበት መንገድ ጦርም ይመጣበታል፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከወልድያ የተነሣው የሕወሓት ኃይል ነፋስ መውጫን የያዘው በዚሁ መስመር ነው።

ለመኪና የተመቸ ሁሉ ለባቡር አይመችም። መኪና ከመቶ ሜትር ሰባት ስምንት ሜትር ከፍታ ሊወጣ ይችላል። ከባድ ጭነት የሚጎትት ባቡር ግን ሁለት ሜትር ገደማ ላይ ይደክማል። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ወረታ ተመልሶ ወደ 1,800 ይወርዳል። ከመቶ ሁለት ብቻ እየወጣ 900 ሜትር ለመድረስ አንድም ቦታ ሳያርፍ 45 ኪሎ ሜትር መውጣት አለ ማለት ነው። በወረታ በኩል ቁልቁለቱ ከዚያም ይረዝማል። ይህ ዋሻና ጥምዝ ይጠይቃል፤ ዋሻ ደግሞ ገንዘብ ነው።

ገንዘብና ዳገት ሲጋጩ የሚሆነውን ሐረር ታውቀዋለች። ከጅቡቲ የተነሣው የምኒልክ ዘመን ሐዲድ የሐረርን ደጋ መውጣት ስለከበደው ከተማዋን ትቶ በቆላው አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ፤ ጥንታዊቷ የንግድ ከተማ ከመስመር ውጭ ቀረች። ቀያሹ በወረቀት ላይ እርሳሱን በትንሹ ሲያዞር አንድ ከተማ ይወለዳል፣ አንዱ ይጎዳል።

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ሐረርን የሚመስሉት ስማዳና እስቴ ናቸው። ቴዎድሮስም ቻይናዎችም ያለፉት ከላያቸው ነው። የእስቴ ሰው በስተደቡብ ወደ ሞጣ የሚሻገርበት የጥንት መንገድ ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ነበር፤ በፋሲል ዘመን የተገነባው ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት መንገደኛው በገመድ ታስሮ ከወዲያ ወዲህ ይሳብ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ይህን በመጽሔት ፎቶግራፍ አይቶ በ1993 ዓ.ም. ግድም ለመጠገን ተነሣ፤ የዓባይ ሙላት ጥገናውን ሲወስደው በሌላ ቦታ ላይ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። በባቡር ዘመን የእስቴ ትልቁ ዜና የእግር ድልድይ መሆኑ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ባቡሩስ? በ2007 ዓ.ም. የቱርኩ ያፒ መርኬዚ ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ 392 ኪሎ ሜትር መዘርጋት ጀመረ። ሐራ ገበያ ከወልድያ ደጃፍ ናት። ነገር ግን ብድር ዘገየ፣ ጦርነት መጣ፣ ላይኛው ክፍል ሳያልቅ ተጎዳ። የወልድያ–ወረታ ቅጥያ ተራው ገና ነው። መዘግየቱ አንድ ጥቅም አለው፤ ካርታው አሁንም ሊታረም ይችላል። ዶሴው እንደገና በሚከፈትበት ቀን ቀያሾቹ ዋናውን ሐዲድ ብቻ አጥንተው እንዳይመለሱ። ከስማዳዋ ወገዳና ከእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ወደ ጀርባው የሚወጡት የጭነት መኪና መንገዶች፣ የስማዳና የእስቴ እህል የሚራገፍበት ጣቢያም በዚያው ጥናት፣ በዚያው በጀት ይካተቱ።